የጳጉሜን ሒሳብ፦ ያለፈውን ዓመት መርምሮ የአዲሱን ተስፋ በወረቀት ማስፈር

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ለጳጉሜን አይከፈለውም፤ አከራይም የጳጉሜንን ኪራይ አይጠይቅም። ባለ 30 ቀኖቹን 12 ወራት ደመወዝ፣ ዕቁብ፣ ዕድርና የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፋፍለው ሲጨርሷቸው፣ ስሟን ከግሪክኛ የወረሰችውና ትርጓሜዋም «ተጨማሪ» የሆነው ጳጉሜን ማንም ሳይቆጥራት ታልፋለች። ባሕር ዳር ከተማ በኖርሁባቸው ዓመታት ቀስ በቀስ ያበጀሁትና ከዚህ በታች የማስረዳው ዘዴ ይህችን ባለቤት የሌላትን ወር ለራስ ሒሳብ ማዋል ነው። ያለፈውን ዓመት በሚገባ ሳያዩ የሚመጣውን መመኘት ከንቱ ድካም እንደሆነ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት፣ አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ከመስከረም 1 በፊት ነው።

በቅድሚያ የዘንድሮውን የቀን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። 2018 ዓ.ም ዘመነ ማርቆስ ስለሆነ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ አላት፤ እሑድ ገብታ ሐሙስ ትወጣለች። ይህን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የባሕረ ሐሳብን ስሌት በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊሠራው ይችላል፦ 5500 እና 2019 ሲደመሩ 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል፣ 3 የተረፈበት ዓመትም ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ከዚያ 7519 እና 1879 ተደምረው 9398 ሲሆኑ፣ ለ7 ተካፍለው 4 ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲቆጠር አራተኛው ቀን ዓርብ ነው። የ2019 ቅዱስ ዮሐንስ ዓርብ ይውላል ማለት ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ስለሆነ ጾሙን በሚጠብቀው ቤት ሁሉ ዶሮው እስከ ቅዳሜ ይታገሣል። የሚከፋው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ምክንያቱም በሌላው ዓመት በሽንኩርት ልጣጭና በድስት ጭስ መካከል የሚያልፈው ማለዳ በዚህ ዓመት ለጓዳው ሰው ጭምር ጋብ ይላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና የእጅ ስልክ ነው። ስልኩ የሚፈለገው ያለፈውን ለማስታወስ ብቻ ሲሆን፣ ጽሑፉ በእጅ ቢጻፍ ይሻላል፤ በስልክ የጻፍሁት ማስታወሻ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ሄዷል። ቦታን በተመለከተ፣ ጣና ዳር ለመቀመጥ ዕድሉ ያለው ሰው ማለዳውን ይምረጥ። በዚህ ሰሞን ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ስለሚመጣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሐይቁ ዳር ያለው ድንጋይ ትንሽ ቢረጥብም ፌስታል አንጥፎ ለመቀመጥ አያስቸግርም። ምሽት ላይ ከደንገሉ አጠገብ መቀመጥን ግን አልመክርም፤ የክረምቱ መውጫ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው፣ ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ ሲያወጡ ትኩሳት ሸምቶ መመለስ አይገባም።

ጳጉሜን 1 እና 2፦ ዓመቱን መልሶ ማንበብ

«ዓመቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው «ተመስገን፣ ደህና ነበር» ከሚል መልስ አያልፍም። ዓመት በአንድ ጊዜ አይታወስም። ስለዚህ በበዓላቱና በወቅቶቹ ላይ እየረገጡ ይሂዱ። እኔ ዘንድሮ የምጀምረው ከዓምናው ዋዜማ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀበት ቀን ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ በየቀኑ ለሚያየው የባሕር ዳር ሰው ያንን ቀን የት እንደዋለና ከማን ጋር እንደነበረ ለማስታወስ አይከብደውም። ከዚያ መስቀል መስከረም 17፣ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ የመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚከፈትበት ሐምሌ 1፣ ቡሄ ነሐሴ 13 እያሉ ይቀጥላሉ። ሙስሊም አንባቢ የረመዳንን ወርና ሁለቱን ኢዶች ምልክት ማድረግ ይችላል፤ በ2018 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰሞን ስለገቡ፣ ያንን ወቅት ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ ማስታወስ ለሁለቱም ይቀላል።

ለእያንዳንዱ ምልክት ግማሽ ገጽ ይመድቡና ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ማን ነበረ፣ ምን ሠራሁ፣ ምን ቀረ። ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። በ2014 ዓ.ም ጳጉሜን ላይ የጻፍሁትን አንድ ግማሽ ገጽ እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ጥር 11። ማን ነበረ፦ እማዬ ከአዴት መጥታ፣ ሁለቱ እህቶቼ። ምን ሠራሁ፦ ታቦቱን ከባሕሩ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሸኘሁ። ምን ቀረ፦ እማዬ የዳዊቱ ፊደል አልታይ አለኝ አለችኝ፤ መነጽር እንገዛለን ብዬ አለፍሁት።» ይህን ስጽፍ ከጥር እስከ ጳጉሜን ስምንት ወር ሙሉ መነጽርም ሐኪምም አለማሰቤን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በዓሉ ባይጠቅሰኝ ኖሮ ትዝ አይለኝም ነበር፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ቀጥሎ ስልኩን ያውጡ። የቴሌብርና የባንክ መልእክቶች ማንም ሳያዝዛቸው ዓመቱን ሙሉ የጻፉት የሒሳብ መዝገብ ናቸው። ከመስከረም ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ ገንዘቡ የሄደበትን ይመልከቱ፤ ድምር ማውጣት አያስፈልግም፣ ዓይን ብቻ ይበቃል። እኔ ለታናሽ እህቴ ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ስረዳ የከረምሁ ይመስለኝ ነበር። መልእክቶቹን ስመለከት አራት ጊዜ 500 ብር ልኬያለሁ፤ የኢንተርኔት ጥቅል ግን በየሳምንቱ ገዝቻለሁ። የልቤ ግምት አንድ ሆኖ የስልኬ መዝገብ ሌላ ሆነብኝ። ፎቶዎቹንም እንዲሁ ይዩአቸው፤ በፎቶው ውስጥ ያለውን ሳይሆን ሊኖር ሲገባው የሌለውን ሰው ይፈልጉ።

ከዚህ በኋላ አንድ ሙሉ ገጽ ለስም ብቻ ይተዉ። በዓመቱ የተለዩንን፣ የተወለዱትን፣ የረዱንን፣ ያስቀየምናቸውን ወይም ያስቀየሙንን፣ ደውለው ያላነሣንላቸውን ሰዎች በስማቸው ይጻፉ። አስተያየትና ትችት አይጨምሩበት። ይህ ገጽ ለሦስተኛው ቀን ያስፈልጋል።

ጳጉሜን 3፦ ደብተሩን ዘግቶ መውጣት

ጳጉሜን 3 ቅዱስ ሩፋኤል ነው። በዚህ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ስለሚባል ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው በየደጁ ይጠመቁበታል፤ ትልልቆቹም ከንጋት በፊት ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቁ ወርደው ይታጠባሉ፣ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ዕቃ ደቅነው የሚቀበሉ እናቶች አሉ። እምነቱ ያለው ሰው በዚህ ቀን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ለዚህ ሥራ ግን ቀኑ መጻፊያ አይደለም፤ ከስም ገጹ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ስም መርጠው በእግርዎ የሚሄዱበት ነው። ሁሉንም ለመጨረስ አይሞክሩ፣ ለይምሰል የሚደረግ የይቅርታ ዙር ከኩርፊያው የባሰ ይሆናል።

ብድር ካለብዎ ከብድሩ ይጀምሩ። እኔ ከአንድ በዕድሜ ከሚበልጡኝ የሥራ ባልደረባዬ 3,000 ብር ተበድሬ በጊዜው ሳልመልስ ቀርቼ፣ እሳቸውን መንገድ ላይ ሳያቸው ወደ ሌላው የመንገዱ ጠርዝ መሻገር ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በሩፋኤል ቀን ዝናቡ ሳያባራ ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ቤታቸው ሄድሁና «ጋሼ፣ እንደው ዘገየሁብዎ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ፖስታውን ሳይከፍቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔኮ በሆነ ነገር ያስቀየምሁህ መስሎኝ ነው መንገድ የምትቀይርብኝ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው በራሳቸው ላይ ጥፋት ሲፈልጉ ኖረዋል። ቡና ተፈላ፤ ሦስተኛው ሳይቀዳ መነሣት አልተቻለም። ገንዘቡን መመለስ የማይችል ሰውም ቢሆን ሄዶ መቼ እንደሚችል መናገር ይችላል፤ አበዳሪን ከሚያስከፋው ነገር ብዙው ዝምታው ነው።

ከተማው ውስጥ ለሌሉት ይደውሉ። ለማይነሡት መልእክት ይላኩ። ከዚያ ማታ ደብተሩን ከፍተው ከስሞቹ ጎን አጭር ምልክት ብቻ ያድርጉ።

ጳጉሜን 4፦ አራቱን ቃላት መለየት

ምኞት፣ ተስፋ፣ ዕቅድና ስእለት በበዓል ሰሞን እየተደባለቁ ይነገራሉ፤ በደብተሩ ላይ ግን ሊለያዩ ይገባል። ምኞት ለመናገር ብቻ የሚጣፍጥ ነው፣ ምንም አያስከፍልም። ስእለት ከፈጣሪ ጋር የሚደረግ ስለሆነ ሰው እንደ ዕቅድ ሊያሻሽለውም ሊቀንሰውም አይገባም፣ ስለዚህ ከዚህ ደብተር ውጭ ቢቀር እመርጣለሁ። ለዛሬ የሚቀሩት ተስፋና ዕቅድ ናቸው፤ ተስፋ በእኛ እጅ ብቻ የማይፈጸም፣ ዕቅድ ደግሞ ነገ ጠዋት ልንጀምረው የምንችለው ነው።

በአንድ ገጽ ላይ የሚፈልጉትን ሁሉ ሳይመርጡ ይጻፉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በየስሙ ይጥሩት። በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት የኖረ ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ «ሰላም» ብሎ እንደሚጽፍ አልጠራጠርም። ይጻፈው፤ ተስፋ ነው። ነገር ግን ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሮ «መንገድ ቢዘጋስ? ኢንተርኔት ቢቋረጥስ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለምሳሌ ከአዴት እናቱን ወደ ባሕር ዳር ሊያመጣ ያሰበ ሰው፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ሳምንት ቀኑን ለማስቀደም መድኃኒቷንና የሕክምና ወረቀቷን አስቀድሞ በአንድ ፌስታል ማዘጋጀት ይችላል። ይህ ዓይነቱ መስመር ከተስፋው ሥር የተቀመጠ ዕቅድ ነው፤ ሰላሙን አያመጣውም፣ ሰላም በሆነበት ቀን ግን ዝግጁ ያደርጋል።

ዓምና ጽፈው ያልፈጸሙትን ነገር ከመሰረዝዎ በፊት ደግሞ ሐይቁን ይመልከቱ። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጣና ግን ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ከቀነሰ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡት ውሃ ወደ ሐይቁ እየገባ፣ በዓባይ በኩል ከሚወጣው በልጦ እየተጠራቀመ ስለሚቆይ ነው። የሰው ሥራም አንዳንዱ እንደዚያ ነው፤ የ2018 ድካም በ2019 ጥቅምት ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የተጀመረውንና ያልተጀመረውን ይለዩ። የተጀመረው ወደ አዲሱ ገጽ ይሻገር። አንድም እርምጃ ያልተሄደበትን፣ በተለይም ሁለት ዓመት በተከታታይ ከተጻፈ፣ ያለ ርኅራኄ ይሰርዙት፤ የቦታ ማጣበቢያ ነው። (እኔ «እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ» የሚለውን አምስት ዓመት ተሸክሜው ዞሬ በስድስተኛው ሰርዤዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተሻሽሏል።)

ጳጉሜን 5፦ አንዷን ገጽ መጻፍ

በ2014 መባቻ 14 ነገር ጽፌ ነበር። ደብተሩን በዓመቱ ጳጉሜን ላይ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ሳገኘው ከ14ቱ አንዱም አልተጀመረም። በዚያው ጳጉሜን ላይ ስለ እናቴ ዓይን ያን ግማሽ ገጽ ከጻፍሁ በኋላ ደወልሁላትና «እማዬ፣ ዘንድሮ ዓይንሽን እናሳያለን» አልኋት። «ቀኑን ንገረኝና ነጠላዬን አጥቤ ልጠብቅህ» አለችኝ። ቀን መናገር ግድ ሆነብኝ፤ ጥቅምት 7 አልኋት። በዋዜማው አመሻሽ ስደውል እህቴ አንሥታ ነጠላው ታጥቦ ገመድ ላይ መሰጣቱን ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረም። የዓይን ሞራ ነበር፤ በኅዳር ተገፈፈላት። ከ14ቱ ምኞቶቼ ያንን የለየው ነገር የተቆረጠ ቀንና ነጠላ አጥቦ የሚጠብቅ ሰው ማግኘቱ ነው።

ስለዚህ በመጨረሻዋ ገጽ ላይ ከአምስት የማይበልጥ መስመር ይጻፉ፤ እያንዳንዱ መስመርም ቀን፣ የመጀመሪያ እርምጃና የሚጠብቅ ሰው ይኑረው። «ዘንድሮ ዘመድ እጠይቃለሁ» የሚለው መስመር ምኞት ሆኖ ይቀራል። «ጥቅምት 8 ቀን እሑድ በጠዋቱ ጀልባ ዘጌ ተሻግሬ አክስቴን እጠይቃለሁ፤ ለእሷ መስከረም 30 ቅዳሜ እደውልላታለሁ» የሚለው ግን ይፈጸማል፣ ምክንያቱም አክስት አንዴ ሰምታ ቡና ቆልታ ትጠብቃለችና። ገንዘብ ለማጠራቀም የሚያስብ ሰው ባንክ ከመግባቱ በፊት ዕቁብ መግባቱ የተሻለ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕቁብተኛው እሑድ ጠዋት ስሙን ይጠራል።

ቀኑን ሲቆርጡ መስከረምን ይዝለሉት። ወሩ በደብተርና በዩኒፎርም ግዢ፣ በትምህርት ቤት ምዝገባና በመስቀል ወጪ ያልቃል፤ በዚህ ወር ትልቅ ነገር የጀመረ ሰው ጥቅምት ሳይገባ ይደክመዋል። ገበሬ ቤተሰብ ያለው ሰው ገንዘብ የሚጠይቀውን ጉዳይ እህሉ ወደ ቤት ከገባ በኋላ፣ ወደ ታኅሣሥ ያድርገው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ቅዳሜና እሑዱ የእርስዎ አይደለም። ከሰኔ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው።

ገጿ ስታልቅ ማታው የዋዜማ ነው። በሰፈሩ ችቦ ይለኮሳል፤ በጎጃም ገጠር ደግሞ ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው፣ ጎንጉነው በየቤቱ ምሰሶ ላይ ያስራሉ። እኔ ከተማው ውስጥ ምሰሶ ስለሌለኝ ገጿን በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ እለጥፋታለሁ፤ ሸሚዝ ባወጣሁ ቁጥር ታየኛለች። እማዬን የሚመለከተውን መስመር ግን በሌላ ወረቀት ገልብጬ እልክላታለሁ፤ እንግጫው በታሰረበት ምሰሶ ላይ በሚስማር መትታ ትሰቅለዋለች፣ አሁን ፊደሉ ስለሚታያትም እየደወለች ታነብብልኛለች።

በመስከረም 1 ማለዳ፣ ልጆቹ አበባና ሥዕል ይዘው ከመምጣታቸው በፊት፣ ገጿን ለቤተሰቡ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። የሚያሳፍር መስመር ካለ ለአንድ የሚያምኑት ሰው ብቻ ያንብቡት። በቤቱ ትልቅ ሰው ካለ ያስመርቁበት፤ ምርቃቱን «አሜን» ብለው የተቀበሉት ነገር ለመተው ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ ገጿን የሚመረምሩባቸውን ሦስት ቀናት ከግርጌዋ ያስፍሩ፦ ጥር 11፣ የ2019 ፋሲካ የሚውልበት ሚያዝያ 24፣ እና ሐምሌ 1። በእነዚህ ቀናት ከሩብ ሰዓት በላይ አይቀመጡባት፤ የተፈጸመውን ያጥፉ፣ ቀኑ ያለፈበትን ሌላ ቀን ይስጡት፣ ለሚጠብቀውም ሰው ወዲያው ይደውሉ። 2019 ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜኗ 6 ቀን ይኖራታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለስም ገጹ የሚበቃ አንድ ቀን ይተርፍዎታል።